ጀልባ ላይ ግራ የለም

«ወደ ግራ! ወደ ግራ አዙረው!»

የጮኽሁት እኔ ነኝ። ገመድ ይዤ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ፤ ፊቴን ያዞርሁት ግን መሪውን ወደ ያዘው ባልንጀራዬ ነው። እሱ ደግሞ እኔንና ከጀርባዬ እየቀረበ የሚመጣውን የእንጨት መድረክ ያያል። እንደ ታዘዘው ወደ ግራ አዞረ። ወደ ራሱ ግራ። የእኔ ግራ የእሱ ቀኝ መሆኑ ለሁለታችንም የተገለጠልን ጀልባዋ ከመድረኩ ምሰሶ ጋር ተላትማ እኔን በጉልበቴ ካንበረከከችኝ በኋላ ነው።

ጉዳቱ ብዙ አልነበረም። ከጎኗ ላይ ክንድ የሚያህል ጭረት፣ ከእኔ ጉልበት ላይ ትንሽ ቁስል። የከፋው ከዚያ በኋላ የሰፈነው ዝምታ ነው። ከጎናችን ከታሰረችው ጀልባ ላይ ተቀምጠው ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ ነጭ ሽማግሌ ነበሩ። ኩባያቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ ከእጄ ያመለጠውን ገመድ አንስተው አሰሩልንና በራሳቸው ቋንቋ «ጀልባ ላይ ግራ የለም፣ ልጆች» ብለውን ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

እንግዲህ እኛ ስንደናገር «ግራ ገባኝ» እንላለን። ቀኝ ገብቶት የተደናገረ ሰው አይታወቅም፤ ሁልጊዜ የሚገባው ግራ ነው። እኔ ግራ የሚባል ነገር የለም በተባለበት ቦታ ላይ ግራ የገባኝ ሰው ሆንሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባልንጀራዬ ያገለገለች ጀልባ በመግዛቱ ነው። ርዝመቷ 18 ጫማ፣ ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት፤ ወንበሮቿ የተቀዳደዱ፣ ዋጋዋ ደግሞ ባለቤቱ እስከ ዛሬ በትክክል ያልተነገራት። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ አበሻ ቤት ቢገዛ፣ ምግብ ቤት ቢከፍት፣ ሁለተኛ ታክሲ ቢጨምር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ጀልባ ሲገዛ ግን የየቤቱ የቡና ወሬ ሆኖ ከረመ። «ደገኛ ከውኃ ጋር ምን አገናኘው?» ተባለ። እሱ የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆነ ለእሱ ይሁን። እኔ ግን የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ወሬው እኔንም ደርቦ ሲያማ ቅር አለኝ። ጣና ዳር ያደገ ሰው ስለ ጀልባ ከማን ይማራል? እንዲህ ብዬ አስብ ነበር፤ ምሰሶው እስኪያስተምረኝ ድረስ።

በሜሪላንድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1972 ጀምሮ የተወለደ ሰው የተመዘገበ ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት መውሰዱን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ነፃ ነው። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ብንመልሰው ሰኔ 24 ቀን 1964 ዓ.ም. ሆነ። ባልንጀራዬ የተወለደው በዚያው ዓመት በሐምሌ ነው። በጥቂት ቀናት ተበለጠ፤ እናቱ ትንሽ ብትፈጥን ኖሮ ከፈተና ትገላግለው እንደነበር እያነሣ ዛሬም ይቆጫል። እኔ ደግሞ የ1971 ዓ.ም. ልጅ ነኝ፤ ለአንድ አፍታ «ታዲያ ከ1972 በፊት አይደለሁም ወይ?» ለማለት ቃጥቶኝ ነበር። የእኛን ዘመን ለእነሱ ዘመን ማስረዳት ከፈተናው እንደሚከብድ ሲገባኝ ተውሁት። ባልንጀራዬ ቀድሞ ተፈትኖ ካርዱን ኪሱ ከቶ ነበር። ምሰሶው ላይ የወጣነው እንግዲህ እሱ ቃላቱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የሚጮኸው ሰው ከግራና ከቀኝ ሌላ ቃል ስላልነበረው ነው። በሳምንቱ ሄጄ ተመዘገብሁ።

ትምህርቱ ሁለት ምሽት፣ በየምሽቱ አራት ሰዓት የሚፈጅ ነበር። ለማለፍ 80 በመቶ ማግኘት ያስፈልጋል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ 14 ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከአያቷ ጋር መጥታ፣ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር እጇ ከሁላችንም ይቀድማል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከሰማይ እንደታየች ሆና የተሳለች ጀልባ አለች፤ ዙሪያዋን ቀስት ተሰክቶባታል፤ በየቀስቱ ጫፍ አንድ ቃል። ልማድ ሆኖብኝ በየቃሉ ጎን አማርኛውን በእርሳስ መጻፍ ጀመርሁ። ባው ለሚሉት «ፊት»፤ ስተርን ለሚሉት «ኋላ»፤ ለስፋቷ «ወርድ»፤ እጃችንን ለምናሳርፍበት የግድግዳዋ የላይኛው ጠርዝ «አፋፍ»። ጀልባዋ ከውኃው በታች ምን ያህል እንደምትገባ ለሚነግረው ልክ ግን አንድ ቃል አጣሁለትና «ስንት ትጠልቃለች?» ብዬ በጥያቄ አልፌው ሄድሁ። ይህ ልክ ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሰው ዋና ነገር ነው። ባሕረ ሰላጤው ከጫፍ እስከ ጫፍ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6 ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ብዙ ቦታ ላይ ሰው ቆሞ መራመድ ይችላል። ጀልባህ ስንት እንደምትጠልቅ ካላወቅህ በዚያ ሁሉ ውኃ መካከል ጭቃ ላይ ተቀምጠህ የባሕሩን ሙላት ትጠብቃለህ።

እርሳሴ ጨርሶ የቆመው ሁለቱ ጎኖች ላይ ስደርስ ነው። ወደ ፊት ለሚያይ ሰው የጀልባዋ ቀኝ ጎን ስታርቦርድ፣ ግራ ጎኗ ፖርት ይባላል። «ቀኝ» እና «ግራ» ብዬ ጽፌ ልለፍ ስል የሽማግሌው ቃል ትዝ አለኝ። አስተማሪው ጡረታ የወጡ በጎ ፈቃደኛ ናቸው፤ የቃላቱን ታሪክ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። በጥንት ዘመን ጀልባ የሚመራው ከኋላዋ መካከል ላይ በተተከለ መሪ ሳይሆን በቀኝ ጎኗ ላይ በተንጠለጠለ ትልቅ መቅዘፊያ ነበር። ስታርቦርድ ማለት በጥንታዊው እንግሊዝኛ የመሪው ጎን ማለት ነው። መሪው በዚያ በኩል ከተንጠለጠለ ደግሞ ጀልባዋን በቀኝ ጎኗ ወደ ወደቡ ግድግዳ ማስጠጋት መሪውን መጨፍለቅ ይሆናል። ስለዚህ ወደብ የሚነካው፣ ዕቃ የሚጫንበትም ሆነ የሚራገፍበት ሁልጊዜ ግራው ጎን ሆነ፤ ፖርት የሚለው ስምም ከዚያ መጣ።

ይህንን ስሰማ ደስ ያለኝ የቃሉ ዕድሜ አልነበረም። ሰዎች ቀኝና ግራ የሚሉ ቃላት እያሏቸው ለምን ሌላ ቃል ፈለጉ? ብዬ ማሰብ ጀመርሁ፤ አሳቡም እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

መልሱን ያገኘሁት ከገበሬ ነው ብል አትሳቁብኝ። አያቴ አራሽ ነበሩ። ገበሬ ሲያርስ በሬዎቹም እሱም የሚያዩት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የቀኙ በሬ ቀኝ የገበሬውም ቀኝ ነው፤ የሞፈሩም ቀኝ እዚያው ነው። ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ ወገን በመለሰበት ሥራ ላይ ቀኝና ግራ ከበቂ በላይ ናቸው። የጣና ታንኳም እንዲሁ ነው። ከደንገል የታሰረችውን ታንኳ የሚነዳው ሰው ቀርከሃውን ይዞ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ነው የሚቀመጠው፤ አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በዚያ ጎን ውኃውን ይገፋል። የእሱ ቀኝና የታንኳዋ ቀኝ ተለያይተው አያውቁም። በትልልቆቹ መቅዘፊያ የሚቀዝፉት የሰሜን ባሕር ሰዎች ግን የሚቀዝፉት ጀርባቸውን ለሚሄዱበት ሰጥተው ነው። መሪ የያዘው ወደ ፊት ያያል፤ ቀዛፊዎቹ ወደ እሱ ያያሉ። «ግራ!» ብሎ ቢጮህ ግማሹ ሰው ወደ አንድ ወገን ግማሹ ወደ ሌላው ነው የሚያስበው። ስለዚህ ቀኝና ግራን ከሰው ገላ ላይ ነጥቀው ለጀልባዋ ሰጧት። እኔ ብዞር፣ ብወድቅ፣ ብገለበጥ ፖርት ከቦታው አይነቃነቅም።

አማርኛ ያንን ቃል ያላበጀው እንግዲህ ባሕር ስለራቀን ብቻ አይደለም። ፊታችንን ተቃራኒ አዙረን የምንሠራው ሥራ ብዙም ስላልነበረን ይመስለኛል። የሚያስፈልገንን ግን አሳምረን ሰይመናል። አስተማሪው «ጀልባ ላይ ገመድ ብላችሁ እንዳትጠሩ» ሲሉ ክፍሉ ሳቀ። ገመድ ሱቅ ውስጥ ተጠቅልሎ ሳለ ገመድ ነው፤ ጀልባ ላይ ከወጣና ሥራ ከተሰጠው በኋላ የሥራውን ስም ይይዛል፤ የፊት ማሰሪያ፣ የኋላ ማሰሪያ፣ የመልሕቅ ማሰሪያ። ሌሎቹ ሲስቁ እኔ አልሳቅሁም። አያቴ ቤት ሞፈርን ከቀንበር የሚያስረውን ጠፍር «ገመዱን አምጣ» ብዬ ብጠይቅ «የቱን ገመድ?» እባል ነበር። እሱ ምራን ነው። አህያ ላይ የሚጫነው ደግሞ መጫኛ ነው። ድግርን ከእርፍ፣ ወገልን ከማረሻ ለይቶ የማያውቅ ልጅ እርሻ ላይ ዕቃ አቀባይ እንኳን መሆን አይችልም። የጀልባ ሰው የቃላት ጥብቅነት ኩራት ይመስለኝ ነበር። የአያቴን ቁጣ ሳስታውስ ጊዜ ማትረፊያ መሆኑ ገባኝ።

በሁለቱ ምሽቶች መካከል በነበረው ቅዳሜ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ወደሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። ጋሼ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ምጽዋ፣ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በነበረችውና እ.ኤ.አ. በ1962 ለአገራችን በተሰጠችው «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይም አገልግለዋል። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ የመን ከሸሸች በኋላ ዳግመኛ አልተመለሰችም፤ ጋሼም ስለዚያች ቀን አያወሩም። ስለ ቋጠሮ፣ ስለ መልሕቅ፣ ስለ ምጽዋ ሙቀት ግን ከጠየቋቸው እራት ይቀርባል፣ ይነሣል፣ እሳቸው ገና ናቸው።

እኔ በኩራት ሁለት ቃል ይዤ ቀረብሁ። ስታርቦርድን «የመሪ ጎን»፣ ፖርትን «የወደብ ጎን» ብዬ ተርጉሜያለሁ። ጋሼ ሰሙና ቡናቸውን ጠጡ።

«ጥሩ አማርኛ ነው» አሉ። «ለመጽሐፍ ይሆናል።»

«ለጀልባስ?»

«በነፋስ ውስጥ ስትጮህ ምንህ ነው የሚሰማው? ጫፉ። የአንተ ሁለቱም ጫፋቸው ‹ጎን› ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ ‹ጎን!› የሚል ብቻ ነው የምሰማው። ታጋጨኛለህ።»

በሁለተኛው ምሽት ክፍል ውስጥ ይኸው ነገር በሌላ መልክ ተደገመ። እንግሊዞችም ይህንኑ ስሕተት ሠርተውት ኖሯል። የግራው ጎን የቀድሞ ስሙ ላርቦርድ ነበር። ስታርቦርድና ላርቦርድ! ማዕበል ባለበት ማን ይለያቸዋል? የብሪታንያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1844 ላርቦርድን ጥሎ ፖርትን እንዲጠቀሙ አዘዘ፤ አሜሪካኖቹ በ1846 ተከተሉ። ጋሼ ቡና ሲጠጡ የነገሩኝን ለመቀበል የዓለም ትልቁ ባሕር ኃይል እስከ 1844 ፈጅቶበታል። ደውዬ ስነግራቸው «እና?» ብቻ አሉኝ። እናንተስ ምን ብላችሁ ነበር የምትጮኹት? ብዬ ጠየቅሁ። «ፖርት፣ ስታርቦርድ ነዋ። የሚያሠለጥኑን ኖርዌጂያኖችም ነበሩ፣ እንግሊዞችም ነበሩ። ቃሉ የማንም ይሁን፤ ብቻ ይሰማ።»

ከጋሼ ጋር የተጣላነው በቀይ ነገር ነው። ከባሕር ወደ ወደብ ለሚገባ ሰው መተላለፊያውን የሚያሳዩት ተንሳፋፊ ምልክቶች ቀይና አረንጓዴ ናቸው። ክፍል ውስጥ ያጠናነው፣ ስትመለስ ቀዩን በቀኝህ አድርግ የሚል ነው፤ የቀዮቹ ቁጥር ሙሉ፣ የአረንጓዴዎቹ ጎዶሎ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ኩባያቸውን ቁጭ አደረጉት። «ቀዩን በግራህ ነው! በቀኝህ ያደረግኸው እንደሆነ ድንጋይ ላይ ትወጣለህ!» መጽሐፉን አሳየኋቸው። መጽሐፉ ተሳስቷል አሉ። ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ከወጥ ቤት ሆነው «ደግሞ ዛሬ ምን መጣ?» እስኪሉ ድረስ ተሟገትን። ኋላ ኮምፒውተር ተከፍቶ ሲታይ ሁለታችንም ልክ ነን። ዓለም በሁለት ተከፍሏል። የአሜሪካ አህጉራት፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ፊሊፒንስ ሲመለሱ ቀዩን በቀኝ ያደርጋሉ፤ ቀይ ባሕርን ጨምሮ የቀረው ዓለም በግራ። በዓመት ሁለት ገና ለሚያከብር ቤተሰብ ይህን ያህል የሚከብድ ነገር አልነበረም። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ የአሜሪካውን «የተገለበጠው» ይሉታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ክፍል የቃል ጉዳይ ሳይሆን የአስተዳደግ ጉዳይ ሆነብኝ። ሁለት የሞተር ጀልባዎች መንገዳቸው ሊቋረጥ ሲል ሌላኛውን በስታርቦርድ በኩል የሚያይ ይለቅቃል፤ በፖርት በኩል የሚያይ ደግሞ መንገዱንና ፍጥነቱን ሳይለውጥ ይሄዳል። ማታ ማታ መብራቶቹ ይህንን ይናገራሉ፤ የጀልባ ግራ ጎን መብራት ቀይ፣ ቀኟ አረንጓዴ ስለሆነ፣ ከጎንህ የምትመጣው ጀልባ ቀይ ካሳየችህ መልቀቅ ያለብህ አንተ ነህ። በልምምድ ጥያቄው ላይ ሌላው ጀልባ በግራዬ ይመጣል፤ ምን ታደርጋለህ ይላል። እኔ «ፍጥነቴን ቀንሼ አሳልፈዋለሁ» የሚለውን መረጥሁ። ተሳሳትሁ። ያቺ የ14 ዓመት ልጅ በአዘኔታ አየችኝ።

አስተማሪውን ተከራከርኋቸው። ማሳለፍ ምን ክፋት አለው? እኛ አገር ሁለት ሰዎች በር ላይ ከተገናኙ «ይግቡ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በፍጹም፣ በሞቴ» እየተባባሉ ቡናው ይቀዘቅዛል እንጂ ማንም ቀድሞ አይገባም። አስተማሪው በትዕግሥት አስረዱኝ። ውኃ ላይ ፍሬን የለም። መልቀቅ ያለበት ሰው የአንተን መንገድ አስልቶ ከኋላህ ሊያልፍ አቅጣጫውን ለውጧል፤ አንተ በትሕትና ስትቀንስ እሱ ሊያልፍበት ያሰበው ቦታ ላይ ትገኛለህ። ቅድሚያ ያለው ሰው መሄድ መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው። እሱ ሳይለቅቅ ከቀረና አደጋው ከተቃረበ ግን ያን ጊዜ ራስህን ታድናለህ፤ አምስት አጫጭር ጥሩምባ ነፍተህ። ገባኝ፤ ግን እጄ እስከ ዛሬ እሺ አይለኝም። አንድ ጀልባ በግራዬ ብቅ ባለ ቁጥር «ይቅደሙ» የሚል አንድ ነገር ክንዴን ይጎትተዋል።

እናቴ በስልክ ስለ ፈተናው ስነግራት መጀመሪያ የሰማችው አልመሰላትም። «ታንኳ ለመንዳትም ወረቀት ተጀመረ?» አለች። ልጅ ሳለሁ ማለዳ ማለዳ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ወደ ባሕር ዳር ሲገቡ አብረን እናይ ነበር፤ ከነዚያ ሰዎች አንዱም የተንሳፋፊ ሰደርያ አልነበረውም። እዚህ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከ21 ጫማ ባነሰች ጀልባ ላይ ሰደርያውን ሳይለብስ መጓዝ አይችልም። ይህን ስነግራት ዝም አለች። ጣና የወሰዳቸውን የሰፈራችንን ልጆች እየቆጠረች እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም እየቆጠርሁ ነበር።

ወሬ ልለውጥ ብዬ የጀልባ ፍጥነት በቋጠሮ እንደሚለካ ነገርኋት። በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር አይባልም፤ ስንት ኖት፣ ስንት ቋጠሮ ነው የሚባለው። ጥንት መርከበኞች በየ14 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ረጅም ገመድ፣ ጫፉ ላይ እንጨት አስረው ከኋላ ወደ ባሕሩ ይጥሉታል። እንጨቱ ባለበት ሲቀር መርከቧ ትሄዳለች፤ ገመዱ ይተረተራል። የ28 ሰከንድ የአሸዋ ሰዓት ፈስሶ እስኪያልቅ በእጃቸው መካከል ያለፈውን ቋጠሮ ይቆጥራሉ። አምስት ቋጠሮ ካለፈ መርከቧ በአምስት ኖት ትሄዳለች ማለት ነው፤ አንዱ ኖት በሰዓት 1 ነጥብ 852 ኪሎ ሜትር። እናቴ ይህን ወደደችው። ገንዘቧን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የኖረች ሴት ናት፤ ቋጠሮ ቆጥሮ ማወቅ ለእሷ እንግዳ ነገር አይደለም። «ስንቅ ይቋጠራል፣ ቂም ይቋጠራል፤ መንገድም እንደሚቋጠር አላውቅም ነበር» አለችኝ።

የእውነተኛውን ቋጠሮ ነገር ለጋሼ ተውሁት። ክፍል ውስጥ ቦውላይን የሚሉትን፣ የማይጠብቅና በራሱ የማይፈታ ቀለበት የሚሠራውን ቋጠሮ ሲያስተምሩ ስለ ጥንቸል፣ ስለ ጉድጓድና ስለ ዛፍ ተረት ይነግራሉ። ጋሼ ተረት የላቸውም። አንድ ክንድ ተኩል ገመድ ከመሳቢያ አወጡ፣ የወንበሩን እግር ዙሪያ አዞሩት፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቻቸው በሪህ ተቆልምመዋል፤ ጠዋት ጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ የሚዘጉላቸው እትዬ ናቸው። ገመዱ ላይ ግን ያ ሁሉ የለም። ቀኝ እጃቸው አንድ ጊዜ ተገለበጠ፣ አውራ ጣታቸው ገባ፣ ወጣ፣ ተሳበ። ቋጠሮው ቆሟል። «ለምን ዓይንዎን ይጨፍናሉ?» አልሁ። «ባሕር ላይ ቋጠሮ የሚያስፈልግህ መብራት ሲጠፋ ነው» አሉ። ለእኔም ሁለት ሳምንት ዓይኔን አስጨፍነው አስተማሩኝ። ይህ ፈተናው ላይ አልመጣም።

ከተፈተንሁ በኋላ፣ ካርዱን ይዤ ሄጄ ሳሳያቸው፣ አንድ የቆየ ጥያቄ ነበረኝ። መጽሐፉ መልሕቅ ምንጊዜም ከፊት እንጂ ከኋላ አይጣልም ይላል። የሞተር ጀልባ ኋላዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ሞተሩም ይከብዳል፤ ከኋላ ከታሰረች ማዕበሉ ከላይዋ ገብቶ ይሞላታል። ታዲያ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ ሰዎች ሌሊት ጥልቀቱን ለክተው ሃያ፣ ጥቂት ሄደው እንደገና ለክተው አሥራ አምስት ሲያገኙ፣ ድንጋይ እንዳይመታቸው ፈርተው አራት መልሕቅ ጣሉ። የጣሉት ደግሞ ከኋላ ነው። ይህን ምዕራፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ «ከኋላ» የሚለው ቃል አንድም ቀን ጆሮዬን ይዞት አያውቅም። አሁን ግን 276 ሰው የጫነ መርከብ አለቃ የሜሪላንድን ፈተና ሲወድቅ ታየኝ።

ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቡና ሲኒ አስቀመጡ፣ ማንኪያ አጠገቡ አደረጉ፤ ሲኒው የብስ፣ ማንኪያው መርከብ። «ነፋሱ ከኋላ ነው የሚመጣው፣ አይደል? ከፊት ቢጥሉ ነፋሱ መርከቧን ያዞራታል፤ ሲነጋ ጀርባዋን ለየብስ ሰጥታ ትገኛለች። እነሱ የፈለጉት ሲነጋ መልሕቁን ቆርጠው በፊቷ ቀጥ ብላ አሸዋው ላይ እንድትወጣ ነው። የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።» ማንኪያውን በቀስታ ወደ ሲኒው ገፉት። «የአንተ መጽሐፍ ስለ ባልንጀራህ ጀልባ ነው የጻፈው። እሱም ልክ ነው።»

ባለፈው ዓመት የሚያዝያ የመጀመሪያ ሞቃት ቅዳሜ ጋሼን ይዘናቸው ወጣን። ካርድ አያስፈልጋቸውም፤ ሕጉ ካወጣው ቀን ብዙ ዓመት ቀድመው ተወልደዋል። ቀይ ባሕር ላይ ወጣትነታቸውን የጨረሱት ሰው በዕድሜያቸው ነፃ፣ እኔ በካርዴ መሪ ያዥ ሆንን። ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ እጄ ላይ አሰርሁ፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ግዴታ ነው፤ ነጂው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ ወዲያው ይቆማል። ጋሼ ሲያዩኝ «ውሻ መሰልህ» አሉኝ። የፖቶማክ ወንዝ ጸጥ ብሎ ነበር። ብዙም አላወሩም፤ አንድ ጊዜ ብቻ እጃቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ቀመሱትና «ጨው የለውም» አሉ።

ስንመለስ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ሄደው ቆሙ፤ ልክ እኔ ያን ቀን በቆምሁበት ቦታ፣ ልክ እንደዚያው ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው። መድረኩ ከጀርባቸው እየቀረበ ነው። ያው ምሰሶም አለ። ባልንጀራዬ ትንፋሹን ያዘ።

«ፖርት» አሉ ጋሼ። አልጮኹም።

እጄ ዞረ። የማን ግራ ነው ብዬ አላሰብሁም። ጀልባዋ መድረኩን እንደ ድመት ተሻሽታ ቆመች። ሞተሩን አጥፍቼ የኋላውን ማሰሪያ ይዤ ወረድሁ፤ መድረኩ ላይ በተተከለው ቀንዳም ብረት ላይ አንድ ዙር፣ አንድ መስቀል፣ አንድ ግልባጭ አድርጌ አሰርሁት። ጋሼ መጥተው አዩት። ጎንበስ ብለው በሁለት ጣት ፈቱት።

«ደግመህ እሰረው።»

አሰርሁ፤ ፈቱት። አሰርሁ፤ ፈቱት። በአራተኛው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፣ ማሰሪያውን አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉት፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሥተው ወደ መኪናው ሄዱ።